የኋላው ወንበር ጠረን

ግንቦት 8

ለእህቴ ለአፍንጮ፣

እንደምን ከርመሻል? የሰው አገር ብርድ፣ ሥራው፣ ብቸኝነቱ እንዴት አድርጎሻል? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። እማዬ ጉልበቷን ይዟት እንጂ አፏ እንደ ወትሮው ነው፤ እኔን ስታዝ ድካም አታውቅም።

የምሥራች አለኝ። የአባዬ መኪና አለቀች። እሱ ካረፈ ጀምሮ ሸራ ለብሳ፣ ዶሮ ሲያድርባት የኖረችው ያቺው መኪና ዛሬ በእግሯ ቆማለች። ሞተሩን ያስነሳው መካኒኩ ብሎን ነው። ታስታውሺው የለ፣ ከአባዬ ጋር ታክሲ ተራ ላይ ሲሟገት የሚውለው? ሸብቷል፤ ሙግቱ ግን አልሸበተም። ቀለሟን ያንኑ የድሮውን የወተት ቀለም አስቀባኋት። የውስጡን ነገር ግን ማን ይነካብኛል? ዕድሜ ልኬን የሰው ሶፋ ስሰፋ ኖሬ የአባቴን ወንበር ለሌላ ሰው ልሰጥ? ወንበሮቹን ቡናማ ቆዳ አለበስኳቸው። ጣሪያው አዲስ ጨርቅ ነው፤ ወለሉ ፎም ከነምንጣፉ። ብታያት ሳሎን ናት።

አንድ ነገር ብቻ አስቸገረኝ። ትሸታለች ይላሉ። ጎረቤታችን አስተማሪዋ ገብታ ገና ሳትቀመጥ «እርጥብ ውሻ ይሸታል» አለች። ብሎን ደግሞ «እኔን የሸተተኝ ዓሣ ነው» ብሎ ድርቅ አለ። አንዱ ውሻ፣ አንዱ ዓሣ። እኔ መኪና መስሎኝ የሠራሁት የእንስሳት ማቆያ ነው እንዴ? እስቲ አንቺ ፍረጂን። ወተት ሊገነፍል ሲል ከግቢው በር ሆነሽ ታውቂ የነበርሽ ልጅ በደብዳቤም ቢሆን አታጪውም።

ሌላው፣ የበሮቿና የመስታወቶቿ ዙሪያ ጎማ እዚህ ፈልጌ አጣሁ። እዚያ አሮጌ መኪና የሚያከብሩ ሰዎች አሉ ሲባል እሰማለሁ። ካገኘሽ ላኪልኝ። ብርዱ ሳይመጣ ነፋስ የማይገባባት አድርጌ ልጨርሳት።

እማዬ ጉንጭሽን ስማለች። ዕድሜሽ ይርዘም።
ወንድምሽ

ሰኔ 3

ይድረስ ለጋሼ፣

ሰላምህ ይብዛ፤ የእማዬን ጉልበት ፈጣሪ ይማርልኝ። እኔ ደህና ነኝ። የሆቴሉ አንሶላና ፎጣ አያልቅም፣ እኔም አላልቅም። አሁን ከመተኮሻው አንሥተው ከመለያው ጠረጴዛ አስቀምጠውኛል። ልብሱ ወደ ማጠቢያው ከመግባቱ በፊት በእኔ በኩል ያልፋል፤ ዘይት የነካውን፣ መድኃኒት የፈሰሰበትን፣ ሲጋራ የተጨሰበትን አሽትቼ እለያለሁ። ስትሰድቡኝ የኖራችሁበት አፍንጫ ይኸው እንጀራ ሆነኝ።

ወደ ፍርዱ ልግባ። አስተማሪዋ እውነቷን ነው። እርጥብ ውሻ የሚሸት ውሃ የጠጣ ፎም ነው። ከፊት መስታወቱ ሥር ገብቶ ምንጣፉ ስር ተኝቷል። ወለሉን ገልጠህ በእጅህ ዳብሰው። ብሎንም አልተሳሳተም። የእኛ ልብስ ማድረቂያ ባለፈው ዓመት ዓሣ ዓሣ ሸቶን፣ ምግብ ቤቱን ስንወቅስ ከርመን፣ የጋለ ሽቦ ሆኖ ተገኘ። ሽቦዎቹን አሳየው፤ ዛሬ ነገ አትበል፣ እሳት ነው።

ጎማውን አግኝቻለሁ። የአሮጌ መኪና ዕቃ የሚሸጥ አንድ ሽማግሌ አለ፤ የመኪናዋን ስም ስነግረው የሟች ጓደኛውን ስም የጠራሁበት ይመስል ባርኔጣውን አወለቀ። የአራቱም በር፣ የፊትና የኋላ መስታወት፣ ሙሉው ተጠቅልሎ በዚህ ሳምንት ይላካል።

እማዬ ገብታባታለች ወይ? አልጻፍክልኝም። ባትገባም አልፈርድባትም። እኔም ብሆን እግሬን ማስገባቴን እንጃ። አባዬ ያን ጠዋት ተራ ላይ እዚያው መሪው ጋ ተደግፎ ሲያገኙት፣ የተኛ መስሏቸው «ተነስ ወረፋህ ደርሷል» ብለው መስታወቱን እንዳንኳኩ ጓደኞቹ ሲያወሩ ሰምቻለሁ። ሰው ሁሉ «በእንቅልፉ ሄደ፣ የታደለ» አለን። እኔ ግን ያ መስታወት ሲንኳኳ ዛሬም ይሰማኛል።

በደህና ቆዩኝ።
እህትህ

ሐምሌ 4

ለውድ እህቴ፣

ጤናሽ እንደ ስምሽ ይግነን። አንቺ ጠንቋይ ነሽ። ወለሉን ብገልጠው ፎሙ ውሃ ጠጥቶ እንደ ስፖንጅ ተጨመቀ። ሽቦውም ከዳሽቦርዱ ጀርባ ልባሱ ቀልጦ ተገኘ። ብሎን «ይቺ ልጅ መካኒክ መሆን ነበረባት፣ አንተ ደግሞ አጣቢ» አለኝ።

ጎማውም ደረሰ። በእጄ አንድ በአንድ አለበስኩት፤ በላዩ ላይ ማስቲሽ ዞርኩበት። አሁን በሩ ሲዘጋ «ድፍ» ይላል እንጂ አይጮህም። ውስጥ ተቀምጠሽ የመንገዱን ጫጫታ አትሰሚም፤ ትንኝ እንኳ መግቢያ የላትም። እዚህ ሰፈር እንዲህ ያለ መኪና የለም፣ ስመካ ይቅር በይኝ።

ዋናው ወሬ ግን የእማዬ ነው። መጀመሪያ ከደጅ ቆማ አየቻት፣ ዞረቻትና ወደ ቤት ገባች። ከዚያ አንድ ቀን ከምሳ በኋላ «ክፈትልኝ» አለችና ከኋላ ወንበር ገባች፤ ሰፈሩን ላዙራት ብዬ ሞተሩን አስነሣሁ። ጥቂት እንደተቀመጠች እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። «አባታችሁ እዚህ አለ» አለችኝ። ደነገጥኩ። «ኮቱን አውልቆ ሲሰቅል የሚሸተኝ ነው፤ ያው ራሱ ነው» አለች፣ እንባዋ ወረደ። እኔም አለቀስኩ፣ ምን እደብቅሻለሁ።

ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ነው። ግቢያችን ውስጥ እንደቆመች ትገባለች። «ሞተሩን አስነሣልኝ፣ ካልተነሣ አይመጣም» ትለኛለች። በሩንም እንድተወው አትፈልግም፤ «ዝጋው፣ እንዳይወጣብኝ» ትላለች። ሞተሩ ይንጎራጎራል፣ እሷ ዓይኗን ጨፍና ትቀመጣለች፣ ከባሏ ጋር ታወራለች። ስንት ዓመት አንድ ቀን ሳትስቅ የኖረች ሴት ስትስቅ አየኋት። ይህን ለእማዬ ያደረግነው እኔና አንቺ ነን፤ እኔ በመርፌዬ፣ አንቺ በላክሽው ጎማ።

ደስ ይበልሽ።
ወንድምሽ

ሐምሌ 29

ለጋሼ፣

እንዴት ናችሁ? ደብዳቤህ ደርሶኛል። ደስ ሊለኝ ሲገባ አልሆነልኝም። ለምን እንደሆነ ለራሴም ሳይገባኝ ቆየሁ፤ አንሶላ እየለየሁ ሳለሁ ነው የገባኝ።

ሽታ የሚያድርበት ነገር ይፈልጋል፣ ጋሼ። ጨርቅ ላይ ያድራል፣ ፎም ላይ ያድራል፣ ቆዳ ላይ ያድራል። አንተ ግን ሁሉንም ገፈህ ጥለሃል። ወንበሩ አዲስ ነው፣ ጣሪያው አዲስ ነው፣ ምንጣፉ አዲስ ነው። አባዬ የተቀመጠበት አንድ ክር እንኳ አልቀረም። ታዲያ እማዬ የምትሸተው ከየት መጣ? ለምንስ ሞተሩ ሲነሣ ብቻ ይመጣል?

ሌላም ነገር አስተዋልኩ። ደብዳቤዎችህን ሁሉ መልሼ አነበብኩ። አስተማሪዋ እንዲህ ሸተታት፣ ብሎን እንዲህ ሸተተው፣ እማዬ እንዲህ ሸተታት ትላለህ። አንተስ? አንተን ምን ይሸትሃል? አንድ ቦታ እንኳ አልጻፍከውም።

እማዬ ከመኪናዋ ስትወጣ ምን ትሆናለች? ራሷን ያማታል? ቶሎ ጻፍልኝ። መልስህ እስኪመጣ ድረስ እባክህ መስታወቱን ዝቅ አድርግላት። ነገሩ ምን እንደሆነ አላውቅም፤ ብቻ ፈርቻለሁ።

እህትህ

ነሐሴ 22

ለእህቴ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን። አንቺ ደግሞ ነገር ስትሰነጥቂ ማን ይችልሻል። እናት ባሏን ታስታውስ እንጂ ምን አለበት? እኔማ ምን ይሸተኛል፣ ከማስቲሽ ጋር ስውል ማስቲሽ ነዋ። ይልቅ የእማዬን ልንገርሽ። እንቅልፍ እምቢ ሲላት የኖረችው ሴት እዚያ ወንበር ላይ እንደ ሕፃን ነው የምትተኛው። አንዳንዴ ስጠራት ቶሎ አትነቃም፣ ትከሻዋን እነቀንቃታለሁ። ስትወጣ ራሷን ያዝ ያደርጋታል፣ ምግብም አይረጋላትም። ዕድሜ ነው። እኔም አብሬያት ስቀመጥ ያዞረኛል፣ እኔም አርጅቻለሁ ማለት ነው እንግዲህ።

መስታወቱን ዝቅ ላድርግ ብላት ተቆጣችኝ። ብርዱም ጀምሯል።

ለሥራው ያለሽ ሥጋት ግን ይቅር። ብሎን ስለ ማርሚታው አንድ ሁለቴ ነዝንዞኛል፤ «አሮጌ ነው፣ ወለሉን ገልጠን እንየው» ይለኛል። ስንት ቀን ለፍቼ ያለበስኩትን ልገልጥ? እምቢ አልኩት። ከኋላ ወንበር ሥር ያለው ብረት በዝገት ተበልቶ እጅ የሚያስገባ ክፍተት ነበረው። እኔ ደግሞ ሶፋ ሠሪ ነኝ፤ የሶፋን ሆድ ማን ገልጦ ያያል? ጆንያና ፎም ጠቀጠቅኩበት፣ በላዩ ጨርቅ ሰፋሁበት፣ ወንበሩን አስቀመጥኩበት። ከላይ ብታይው መስታወት ነው።

አሁን ደግሞ ማሞቂያውን አሠራሁት። ለአባዬ የሙት ዓመት እማዬን ይዤ እመቃብሩ ድረስ እወርዳለሁ። በመኪናው ልትጎበኘው ትፈልጋለች፤ ተራራውን ስንሻገር ብርድ እንዳይመታት ብርድ ልብስ ደርባ ከኋላ ትቀመጣለች፣ ሁሉን ድፍን አድርጌ ቀስ ብዬ እነዳለሁ። ስንመለስ እጽፍልሻለሁ።

ምርቃቷን እነሆ፦ «ልጄ፣ መንገድሽ ይቅና።»
ወንድምሽ

መስከረም 15

ጋሼ፣

ሰላምታውን ትቼዋለሁ። እማዬን ከዚያ መኪና አውጣት። ይህን ስታነብ ውስጥ ከሆነች ደብዳቤውን ጣልና ሂድ፣ አውጣት።

ደብዳቤህን ለሆቴሉ የጭነት መኪና ሹፌር አነበብኩለት። ጆንያውን ስጠቅስለት እየሳቀ ነበር፣ የራስ ምታቱን ስነግረው ፊቱ ተለወጠ። «ጭሱ ወደ ውስጥ እየገባ ነው» አለኝ። «የጭስ ማውጫው ማርሚታ ተሰንጥቋል፤ ከቀዳዳው በወንበሩ ሥር ይወጣል። የተቃጠለው ዘይት ይሸታችኋል፣ ከሱ ጋር የሚመጣው ግን ምንም አይሸትም። እሱ ነው የሚያስተኛው። ያስተኛና አይቀሰቅስም።»

ከዚያ አባዬ ከሥራ ሲገባ የሚሸተው ሽታ ወደ አፍንጫዬ መጣ፣ ዛሬ እዚህ ቆሜ። ኮቱን ስሰቅልለት። ትምባሆ፣ ቤንዚን፣ የተቃጠለ ዘይት፣ ጭስ። እማዬ አልተሳሳተችም። ያው ራሱ ሽታ ነው። የአባዬ ሽታ ሁሌም የመኪናዋ ጭስ ነበር።

ከዚህ በኋላ ያሰብኩትን አሁን አልጽፈውም። ቴሌግራም ልኬልሃለሁ። ጉዞውን አትሂዱ። ጎማውን እኔ ነኝ የላክሁት፣ ጋሼ። መግቢያ መውጫ ያሳጣኋት እኔ ነኝ። በሩን ክፈተው።

ጥቅምት 1

ይህን ደብዳቤ የሚከፍተው ማን እንደሆነ አላውቅም። ጋሼ ከሆንክ፣ እባክህ አንድ ቃል ብቻ ላክልኝ። ሌላ ሰው ከሆኑ፣ እርስዎ ማንም ይሁኑ ማን፣ በዚህ ቤት የነበሩት ሰዎች ምን እንደሆኑ ይጻፉልኝ።

ለቴሌግራሙ መልስ አልመጣም። ከሱቅህ ጎን ወዳለው እንጨት መሸጫ ቤት ስልክ ደወልኩ። የማላውቀው ሰው አነሣ። «ሶፋ ሠሪው? እናቱን ይዞ በመኪናው ሄዷል» አለኝ። «መቼ?» ስለው «ቆይቷል፣ መመለስ ነበረባቸው» አለና መስመሩ ተቋረጠ። ከዚያ ወዲህ ስልኩ አይገባም። በየዕረፍቴ እሞክራለሁ። የሥራ አለቃዬ አንድ ቀን ጠጋ ብላ «ሰው ሞቶብሻል እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ። አላውቅማ፣ ምን ልበላት።

ማታ ማታ የሚመጣብኝ የእናንተ ፊት አይደለም። መስታወት የሚያንኳኳ እጅ ነው።

እማዬ፣ ካለሽ፣ አለሁ በይኝ።

ጥቅምት 6

እህቴ፣

አለን። ከሁሉ በፊት ይህን አንብቢ፦ አለን፣ ሁለታችንም።

ቴሌግራምሽን ዛሬ ከፖስታ ሳጥኑ አወጣሁት። እኛ ሳንነሣ ነው የገባው። ለጉዞው ስዋከብ ሳጥኑን አልከፈትኩም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሉሻል ይኼ ነው፤ ውሻው ግን ቀድሞ ጮኾ ነበር፣ የሚሰማው ነው የጠፋው።

መንገዱን እንደ ጀመርን እማዬ ታወራ ነበር። «አየህ፣ እዚህ ጋ አባትህ ጎማ ቀይሯል» ትለኛለች። ተራራውን ስንይዝ ዝም አለች። ተኝታለች ብዬ ደስ አለኝ። ቆይቼ ጠራኋት፣ አልመለሰችም። ዞር ብዬ ላያት ፈለግኩ፣ አንገቴ አልታዘዘኝም። እጄን ከመሪው ላንሣ አልኩ፣ እጄ የሌላ ሰው ሆነብኝ። የሚገርምሽ አልፈራሁም። ሞቆኝ፣ ደስ ብሎኝ፣ አሁን ጥቂት ልረፍ አልኩ። ስጽፍልሽ ነው የምፈራው። ያኔ አልፈራሁም፣ አሁን የሚያስፈራኝም እሱ ነው።

ከመንገድ ወጥታ ቦይ ውስጥ ገባች። የፊት መስታወቱ ከነጎማው ተነቅሎ ወጣ፣ የተራራው ነፋስ ፊቴን መታኝ። መንገድ የሚጠግኑ ሰዎች ደርሰው ጎተቱን። እማዬን ሳር ላይ አስተኟት፣ ፊቷን ውሃ ረጩት፣ አትነቃም። «እማዬ፣ እማዬ» እላለሁ፣ እየዳህኩ። ብዙ ቆይታ አስመለሳትና ዓይኗን ገለጠች። መጀመሪያ የተናገረችው «ለምን ቀሰቀሳችሁኝ?» ነው። የግራ እጇ ከአንጓው ተሰብሯል። ለዚሁ ነው ክሊኒክ የቆየነው። ሐኪሙ ወዲያው «የከሰል ምድጃ ተዘግቶባችሁ ነበር?» ብሎ ጠየቀኝ፣ እኔ «መኪና ውስጥ ምን ከሰል አለ?» ብዬ ሳቅሁበት። ሳቅሁበት፣ ታያለሽ።

አሁን የጠየቅሽኝን ልመልስ። ምንም አይሸተኝም። ማስቲሹ አፍንጫዬን ከወሰደው ቆየ። ዳቦ ሲያር አላውቅም፣ የታጠበና ያልታጠበ ልብስ አልለይም። አንቺ አፍንጮ ተብለሽ እኔ አፍንጫ ቢስ ልባል? አሳፈረኝ። ስለዚህ የሰው አፍንጫ እየተዋስኩ ጻፍኩልሽ። ያቺን ቀዳዳ የጠቀጠቅሁት ጊዜ ሽታውን ባውቀው ኖሮ እናቴን በላዩ አላስቀምጥም ነበር።

ደብዳቤሽ ገና አልደረሰኝም፣ ቴሌግራሙ ግን «ጭስ ነው፣ ያስተኛል፣ አውጣት» ይላል። ሳነበው መጀመሪያ የመጣብኝ እኛ አይደለንም። አንቺም ሳታስቢው አትቀሪም። እኔ አልጽፈውም።

ወንድምሽ

ጥቅምት 29

ጋሼዬ፣

ፈጣሪ እናንተን ያተረፈ ስሙ የተመሰገነ ይሁን። የፖስታው ላይ ጽሑፍህን ሳይ እዚያው የሠራተኞች መግቢያ በር ላይ ተቀመጥኩ። ሰው እየተራመደኝ አለፈ። አለቃዬ መጥታ አየችኝና «አሉ?» አለችኝ። «አሉ» አልኳት፣ አቀፈችኝ፣ ሁለታችንም ለምን እንደምንስቅ ሳናውቅ ሳቅን።

ስለ አፍንጫህ አትፈር። እኔም ጎማውን ልኬያለሁ። እኔና አንተ አንድ ሥራ ነው የሠራነው፣ ከሁለት አገር ሆነን። ትናንት አለቀስኩ፣ ዛሬ ተውኩት፣ ነገ እንጃ።

ያልጻፍከውን እኔ ልጻፈው። አንዳችን ካልጻፍነው ሁለታችንንም ይበላናል። አባዬ በእንቅልፉ አልሄደም። ያን ቀን ብርድ ነበር፣ ሞተሩን አስነስቶ፣ ማሞቂያውን ከፍቶ፣ መስታወቱን ዘግቶ ወረፋውን ሲጠብቅ ነበር። ልቡ ነው ተባልን፣ እኛም አመንን፣ ሰውም መርቆን ሄደ። አሁን ሁለታችንም እናውቃለን።

ለእማዬ ግን አትንገራት። እጇ ተሰብሯል፣ ልቧን አትስበርባት። «በእንቅልፉ» የሚለው ቃል ነው ይህን ሁሉ ዓመት ያኖራት። ጭስ እንደነበር ንገራት፣ መኪናዋ ተበላሽታ ነው በላት፣ ከዚያ አትለፍ። ብትጠይቅህ ተው። ጥፋቱ በእኔ ይሁን።

እጇን በኔ ስም ሳምልኝ፣ የተሰበረውን ሳይሆን ደህናውን።
እህትህ

ኅዳር 24

ለእህቴ፣

ሰላምሽ ይብዛልኝ። እማዬ ደህና ናት፣ እጇ ጠግጓል፣ ጄሶውን ፈትተውላታል። ላስጨነቅኩሽ ሁሉ ይቅር በይኝ።

መኪናዋን ብሎን አስጎትቶ አመጣት። እኔ በጨርቅ መቁረጫዬ የሰፋሁትን ሁሉ ቀደድኩት፣ አንድም ክር አላዘንኩለትም። ከሥር ማርሚታው እንደ በሰበሰ እንጨት ተሰንጥቆ ተገኘ፤ ስንጥቁ የዛሬ አይደለም፣ ያረጀ ነው፣ ዳሩ በጥቀርሻ ጠቁሯል። ብሎን ጥቀርሻውን በጣቱ ጠረገና አየው። እሱም ገባው። አባዬን ከመሪው ካወጡት አንዱ እሱ ነበር። ከዚያ ኮፍያውን ዓይኑ ላይ ዝቅ አደረገና «ይለወጣል» አለ ብቻ። ለወጠው። ወለሉንም በላሜራ በየደው።

እማዬ አንድ ቀን ልቀመጥባት አለች። በሩንም መስታወቱንም ከፍቼ አስቀመጥኳት። «አስነሣው» አለች፣ አስነሣሁት። ጠበቀች። አፍንጫዋን ወደ ወንበሩ አስጠግታ ጠበቀች። «የለም» አለችና ወረደች።

በነጋታው ወንበር ስሰፋ መጥታ ከጎኔ ተቀመጠች። ክር እያቀበለችኝ ሳለች «ጭሱ ነው ያልከኝ፣ አይደል?» አለች። «አዎ» አልኩ። ሌላ ክር አቀበለችኝ። «አባታችሁ ነው ብዬ በአፍንጫዬ ስስበው የነበረው፣ አባታችሁን የገደለው ነው?»

ደብዳቤሽ ኪሴ ውስጥ ነበር። «ተው» ያልሽኝን አልረሳሁም። ልዋሻት አፌን ከፈትኩ፣ ያንን ፊት እያየሁ አልወጣልኝም። ከዚያ «አዎ፣ እማዬ» አልኳት። ተቀየሚኝ፣ እችለዋለሁ።

አላለቀሰችም። ተነሣችና በደህናው እጇ የሱቁን መስኮት ከፈተች። ቤት ገባችና የመኝታ ቤቱን ከፈተች፣ የሳሎኑን ከፈተች፣ የወጥ ቤቱን፣ የኋላውን በር። ዝገው የማይከፈቱትን እኔ በመዶሻ ከፈትኩላት። ከዚያ ወዲህ እንዲሁ ነን። ቀንም ሌሊትም አይዘጋም። ጎረቤት ይገረማል፣ አስተማሪዋ ጉንፋን ያዘኝ ብላ መምጣት ቀነሰች። እኔ ይህን የምጽፍልሽ ኮቴን ለብሼ፣ አንገቴን ጠቅልዬ ነው።

ትናንት ብርዱ ሲጠናባት አይቼ አንዷን መስኮት ልዘጋ ተነሣሁ። ብርድ ልብሷን እስከ አገጯ ሳበችና «ተወው፣ ልጄ» አለችኝ። «እሱም ብርድ ፈርቶ ነው የዘጋው።»

ወንድምሽ